ለአራት ሰው የተያዘች ጀልባ

«ጀልባዋ ስንት ሰው ትይዛለች?» አለች የኣላዛር እናት። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፋዋለች። ከሎንዶን ሌላ ጫፍ፣ ከዋይት ሲቲ፣ የታናሽ እህቱ የሃርነት ድምፅ መጣ። «ስምንት፣ ማሚ። ግን ፕራይቬት ነው፤ ሌላ ሰው አይገባም። ሦስታችን ብቻ ነን።» «የሚከፈለው በሰው ነው በጀልባ?» «በጀልባ። አንድም ብንሆን ስምንትም ብንሆን ያው ነው።» «እንግዲያው ለሰውየው ደውለሽ አራት ነን በይው።» ሃርነት ሳቀች። «አራተኛው ደግሞ ማነው?» እናቱ የምታጥፈውን ፎጣ አስቀመጠችና ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። «ማን ይሆናል? የማነ ነዋ» አለች። ኣላዛር ካናፔው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሊያስር እንዳጎነበሰ ቀረ።

ወንድሙ የማነ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው። ይህን ኣላዛር ያውቃል፤ ዌምብሊ የሚኖሩት አቶ ገብረመድኅንም ያውቃሉ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ሰው ግማሹ ያውቃል። የማያውቁት እናቱና ታናሽ እህቱ ብቻ ናቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ከማልታ የተደወለው እናቱ ለልብ ቀዶ ጥገና አራት ቀን ሲቀራት ነበር። ደዋዩ ባፈና የሚባል፣ ኣላዛር አይቶት የማያውቀው ልጅ ነው። «የየማነ ወንድም ነህ? በአንድ የጎማ ጀልባ ነበርን። ሐሙስ ዕለት ነው። አሥራ አንዳችንን አወጡን፤ እሱን አላገኙትም። እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ ዘጋ። ኣላዛር መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ለቅሶው እንዳይሰማ ውሃውን ከፈተ። ስልኩን ግን ጠረጴዛ ላይ ረስቶታል። ሲወጣ እናቱን የውጭ አገሩን ቁጥር እያየች ቆማ አገኛት። «ይኼ የየት አገር ነው?» አለችው። «የማልታ» አላት፤ ይህ እውነት ነበር። ልቧ ሊከፈት አራት ቀን የቀራት ሴት ናት። «የማነ ነው። ገባ» አላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እናቱ እልልታዋን ስታቀልጠው ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበ። ሆስፒታል የገባችውም እየሳቀች ነው።

መርዶ እንግዲህ ወግ አለው። ሰው በልቶ፣ እንቅልፉን ተኝቶ ካደረ በኋላ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ በሩን ያንኳኳል። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ጥቁር የለበሰ ሰው ሲያይ ማንም ምንም ሳይናገር ይገባዋል። ደግፎ የሚይዘው ሰው አለ፤ አብሮት የሚያለቅስ አለ። ሎንዶንም ቢሆን ይኸው ነው፤ ልዩነቱ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሰው ዘግይቶ መምጣቱ ነው። የሽማግሌዎቹ ምክር «ከቀዶ ጥገናው ትነሣ» የሚል ነበር፤ ተነሣች። «ሃርነት ፈተና አላት፣ ትጨርስ» አሉ፤ ጨረሰች። ቀጥሎ ሁዳዴ ገባ፣ ፋሲካ መጣ፣ በፋሲካ ደግሞ መርዶ አይነገርም። ኮሮና ሲመጣ ሰው ከሰው አይሰበሰብም ተባለ። ኮሮናው ሲያልፍ ሞቱ ያለፈ ሞት፣ ውሸቱ ግን በየዓመቱ የሚያድግ ውሸት ሆነ። የማነ መጀመሪያ ካምፕ ነበር፣ ቀጥሎ ወረቀት ከለከሉት፣ ቀጥሎ ዓሣ አስጋሪ መርከብ ላይ ተቀጠረና ስልክ የማይሠራበት ባሕር ላይ ከረመ። አንድ ዓመት ለገና ኣላዛር ከብሪክስተን ገበያ ሰማያዊ ሻርፕ ገዝቶ «የማነ በሰው ልኮልሽ ነው» ብሎ ሰጣት። ዛሬ፣ በሐምሌ ሙቀት፣ ያው ሻርፕ አንገቷ ላይ ነው።

እናም ሃርነት ሥራዋ ላይ እድገት አገኘችና እናቷን ሰርፕራይዝ ላድርግ አለች። ማልታ፣ አምስት ቀን። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ የሚያዞር፣ ለእነሱ ብቻ የተያዘ ፈጣን ሞተር ጀልባ፤ ከደሴት ደሴት፣ ከዋሻ ዋሻ። «ከሰው በታች የሆንን እንዳይመስላት» ብላ ነበር ለኣላዛር ስትነግረው። ይህን ከሰማ ሦስት ሳምንቱ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሃያ ጊዜ ሊናገር አፉን ከፍቶ ሃያ ጊዜ ስለ አየር ጠባይ አውርቷል። በረራው ነገ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። የፈሩት ይደርሳል ይሉ ነበር አባቱ።

ሻንጣው ሳሎኑ መሐል ተከፍቷል። የእናቱ የራሷ ዕቃ አንድ ጥግ ነው የያዘው፤ ሁለት ቀሚስ፣ የልብ መድኃኒቷ፣ የዳዊት መጽሐፏ። የቀረው ሁሉ የየማነ ነው። የክረምት ጃኬት፣ ካልሲ በደርዘን፣ አርባ ሦስት ቁጥር ስኒከር፣ በርበሬ በሦስት ድርብ ፌስታል። «ከወፈረ ጃኬቱ ይጠበው ይሆን?» አለችው ኣላዛርን። ሠላሳ ሁለት ዓመት ይሞላው ነበር፤ እሷ የምታውቀው በሃያ አራት ዓመቱ ፎቶ ላይ ያየችውን ወገብ ነው። «ዋና የማይችል ካለ ንገሩን ብለዋል የጀልባዎቹ ሰዎች። እኔን ብቻ ጻፊ አልኳት። የማነ ምጽዋ ነው ዋና የተማረው፤ ሲገባ ማንም አያወጣውም ነበር።» የሐዋርያው ጳውሎስም መርከብ የተሰበረው እዚያው ደሴት ላይ እንደሆነ፣ አብሮት የተሳፈረውም ሁሉ በሕይወት እንደወጣ ነገረችው። ኣላዛር ተነሥቶ ቁልፉን ያዘ። «ዌምብሊ ደርሼ መጣሁ» አላት። «ዛሬ እረፍትህ አይደለም እንዴ?» ባስ ነጂ ስለሆነ የሚሄድበትን ሁሉ ሥራ ነው የምትለው። «አቶ ገብረመድኅንን ላያቸው ነው» አላት። «ሰላም በላቸው፤ ሮማንወርቅንም። በጸሎት እንዲያስቡን ንገራቸው» አለች።

ዌምብሊ ኮንሰርት ነበር። ከባቡር ጣቢያው ጀምሮ መንገዱ የሚያብረቀርቅ ኮፍያና ላባ ባጠለቁ ልጃገረዶች ተሞልቷል፤ ኣላዛር ወደ ላይ ሲሄድ እነሱ ወደ ታች እየጎረፉ ትከሻውን ይገፉታል። አቶ ገብረመድኅን ዱሮ የአውራጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበሩ፤ አሁን የመረዳጃ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው። ማኅበሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰበሰባል፤ ቃለ ጉባኤው ግን ወፍራም ነው። ሳሎናቸው ውስጥ ሦስት ካናፔ፣ የእያንዳንዱ ልጅ የምረቃ ፎቶ፣ የማይዘጋ ቴሌቪዥን አለ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮማንወርቅ ሻይ አቀረቡና ጥግ ያለው ወንበር ላይ ሹራባቸውን ይዘው ተቀመጡ። ኣላዛር ሻዩን ሳይነካ ሁሉንም ነገራቸው። ሻንጣውን፣ ስኒከሩን፣ ጀልባዋን፣ አራተኛውን ሰው።

አቶ ገብረመድኅን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ስማ ልጄ፣ ይኼ ጉዳይ ጥናት ይጠይቃል» አሉ። «ጋሼ፣ ነገ እኮ ነው የምትሄደው» አለ ኣላዛር። «ገብቶኛል። እኔም የምለው ስለዚህ ነው። መርዶ ሰው ይፈልጋል። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ሰው ሥራ ላይ ነው። ነገ ጠዋት ደግሞ ቅዳሴ አለ። ሰው ሳይሟላ ቢነገራትና ልቧ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው ማነው? እንዲያው ትሂድ፤ ትንሽ አየር ትቀይር። ስትመለስ፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣ መስከረም ላይ ኮሚቴው ቁጭ ብሎ ያየዋል።» «ልትፈልገው ነው እኮ ጋሼ። ፎቶውን አሳትማ ይዛለች። በየመንገዱ ሰው እያቆመች ልትጠይቅ ነው።» «ትፈልግ። ደሴት ናት፣ ምን ያህል ትሰፋለች? ስታጣው ትመለሳለች» አሉና ሻያቸውን አማሰሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። የእናቱን የሆስፒታል ፎርም የሞሉት እሳቸው ናቸው፤ የአባቱን ቀብር ያስፈጸሙት እሳቸው ናቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ «ይቆይ» ያሉትም እሳቸው ናቸው፤ አሁን ከተነገረ ይህ ሁሉ «ይቆይ» የማን እንደነበረ ይጠየቃላ።

ከጥጉ ወይዘሮ ሮማንወርቅ ሹራባቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «እኔ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሳያት መንገድ እቀይራለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። «ስምንት ዓመት መንገድ ቀየርኩ። ባለፈው እሑድ ግን ያዘችኝ። ሮማን፣ ልጄን ላየው ነው፣ እንኳን ደስ አለሽ በይኝ አለችኝ።» ባላቸው «እና ምን አልሻት?» አሉ። «እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። ምን ልበል? አንተ እኮ አጀንዳ አስይዘኸዋል።» አቶ ገብረመድኅን ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ። ወይዘሮ ሮማንወርቅ ተነሥተው ኣላዛርን እስከ በሩ ሸኙት፤ ደረጃው አናት ላይ ክንዱን ያዝ አደረጉት። «እኔ ሰው ነኝ አይደል? ሰው ከተፈለገ እኔ አለሁ። ሌሎቹንም ሴቶች እቀሰቅሳለሁ። ሰዓቱን ብቻ ደውለህ ንገረኝ» አሉት። ኣላዛር ከዚህ ቤት የፈለገው ማባበያ ነበር፤ ያገኘው ግን ረዳት ነው፤ ረዳት ካገኘ ደግሞ ሰበብ አይኖረውም። ያን ጊዜ በእርግጥ ፈራ።

ዋይት ሲቲ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሃርነት የምትሠራበት ሱቅ አለ፤ ከነሐሴ ጀምሮ የፎቁ ሁሉ ኃላፊ ልትሆን ነው። ለምሳ እረፍቷ ወረደችና ፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ስሟ የተጻፈበት ባጅ ደረቷ ላይ እንዳለ ነው። ሰላጣዋን ሳትከፍት ስልኳን አወጣችና የጀልባዋን ሥዕል ታሳየው ጀመር። ነጭ ናት፤ ኋላዋ ላይ ነጭ ትራስ የተነጠፈበት መተኛ አላት፤ ውሃው ከታች ያለው ድንጋይ እስኪቆጠር ጠርቷል። «ካፒቴኑ ራሱ ፎቶ ያነሳል። እዚህ ጋ ቆመን እንዋኛለን፣ ይኼ ብሉ ላጉን የሚሉት ነው። ማሚን እግሯን ብቻ ውሃ ውስጥ አስደርጋታለሁ» አለችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማሚ እንዳትነግራት። እዚያ ላሉ ቻሪቲዎች ኢሜይል ጽፌላቸው ነበር። ሙሉ ስሙን፣ የትውልድ ቀኑን፣ ምናምን። ቼክ አድርገው በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለንም አሉኝ። ኖርማል ነው አይደል? ስሙን ቀይሮ ሊሆን ይችላል አይደል?»

«ሃርነት» አላት። ከዚያ በኋላ ያለውን ስንት ጊዜ በልቡ አዘጋጅቶት ነበር፤ ሲወጣ ግን ሦስት ቃል ሆኖ ወጣ። «የማነ የለም። ሞቷል።» የቀረውን እሷ ሳትጠይቀው ተናገረ፤ ባፈናን፣ ሐሙስን፣ ሻርፑን። እህቱ አልጮኸችም። ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከጎናቸው አንዲት ሴት ለልጇ ድንች በካቻፕ እየነከረች ታጎርሳለች። «ጉዞው ሪፈንድ የለውም» አለች ሃርነት፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። «ሶሪ። ለምን እንደዚህ እንዳልኩ አላውቅም።» ኣላዛር እጇን ሊይዝ ሲል ሳበችው። «በየዓመቱ ልደቱ ላይ ሜሴጅ እጽፍለታለሁ። አያነበውም፣ ተናድዶብን ነው ብዬ ነበር። እኛ ፎርሙ ላይ ገብተን እሱ ስለቀረ ተቀይሞን ነው ብዬ ነበር የማስበው።» ያ ፎርም የቤተሰቡ ቁስል ነው። አባታቸው ተክለአብ እዚህ ሎንዶን፣ ኬኒንግተን ሆነው ቤተሰባቸውን የሚያስመጡበትን ማመልከቻ ሲሞሉ፣ አስቀድሞ የመጣውን ኣላዛርን ትተው፣ ሦስት ስም ጽፈው ነበር፤ እናትን፣ የማነን፣ ሃርነትን። የማነ አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላው አራት ወር አልፎታል ተባለና ተሰረዘ። «አስበው» አለች ሃርነት፣ «እኔ እኮ ጀልባ ተከራየሁላት። እሱ የሞተበት ባሕር ውስጥ እግሯን ልናስነክራት ነው። ዛሬ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ።» እረፍቷ አለቀ። ዓይኗን በናፕኪን ጠርጋ፣ ባጇን አስተካክላ ወደ ሱቁ ተመለሰች፤ ሰላጣው ሳይከፈት ቀረ።

ኣላዛር ኬኒንግተን ሲደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ፀሐዩ ገና አልበረደም። የሕንጻው በረንዳ ከጫፍ ጫፍ የተዘረጋ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ በሩንና መስኮቱን ከፍቷል፤ የሽንኩርት ቁሌትና የእግር ኳስ ወሬ ተቀላቅሎ ይመጣል። ሦስተኛ ፎቅ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ቆመ። እናቱ ሳሎን ውስጥ የመተኮሻ ሰሌዳውን ዘርግታ የወንድ ሸሚዝ ትተኩሳለች። ነጭ ሸሚዝ ነው፤ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ኮሌታው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። «መጣህ? አንተስ ሻንጣህ የታለ? ወንድ ልጅ ለመጨረሻዋ ሰዓት ነው የሚያስቀምጠው» አለችው ቀና ሳትል። «እማዬ፣ ቁጭ በይ እስቲ።» «ሸሚዙ ይቃጠላል።» «እማዬ።» አሁን ቀና አለች።

«የማነ ማልታ የለም» አላት። «ታዲያ የት ሄደ?» አለች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ቅሬታ ብቻ ነው፤ ቀጠሮ እንዳፈረሰ ሰው ነው ያየችው። «መጀመሪያውኑም አልገባም፣ እማዬ። ባሕሩ ላይ ቀርቷል።» እናቱ መተኮሻውን አቆመችው። የቀኝ እጇ ሰሌዳው ላይ ቀረ፤ ግራው አንገቷ ላይ ያለውን ሻርፕ ያዘ። ኣላዛር ሊደግፋት ተነሣ፤ እሷ ግን አልወደቀችም። ስምንት ዓመት የፈራው ያን መውደቅ ነበር። እንዳትወድቅ ብሎ ነው ይህን ሁሉ የዋሸው፤ እነሆ ቆማለች፣ አልወደቀችም። ከመውደቋ ይልቅ ይህ አስደነገጠው። «መቼ?» አለችው። «ያን ጊዜ፣ ከማልታ የተደወለ ቀን። የደወለው አብሮት የነበረ ልጅ ነው። ሐሙስ ዕለት ነው አለኝ።» ከበረንዳው የአንድ ልጅ ብስክሌት ቃጭል ተሰማ።

«እልል አልኩ እኮ» አለች። ኣላዛር መሬት መሬቱን አየ። «ልጄ ሞተ ሲባል እልል አልኩ። ሰውየው ከላይ ወለሉን እስኪመታ ድረስ። ቆመህ ሰማኸኝ አይደል?» «ልብሽ አንድ ነገር እንዳይሆን ብዬ ነው፣ እማዬ። አራት ቀን ነበር የቀረሽ።» «አራት ቀኑን ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «ስምንት ዓመቱንስ ማን ይቅር ይበልህ?» ሻርፑን ከአንገቷ ፈታችና ወደ እሱ ዘረጋችው። «ይኼስ?» «እኔ ነኝ» አላት። አልወረወረችውም፤ አራት ቦታ አጥፋ ሰሌዳው ጫፍ ላይ አኖረችው። «ስሙን ለቄሱ በየወሩ እሰጣለሁ። የክርስትና ስሙን። በሕይወት ካሉት ጋር አስቡልኝ እያልኩ። ፍትሐት አልተደረገለት፣ አርባው አልወጣለት፤ ነፍሱ ደጅ ቆማ እኔ ጤና ስጠው እላለሁ። እሱ ባሕር ውስጥ ሆኖ እኔ ከብርድ ጠብቀው እላለሁ።» ድምፅዋ እዚህ ላይ ተሰበረ። ኣላዛር አለቀሰ፤ የአርባ ዓመት ሰው፣ ካናፔው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እንደ ልጅ አፍንጫው እየፈሰሰ። እናቱ መጥታ አላቀፈችውም። ወዳ ይሁን አቅም አጥታ አላወቀም።

«ማን ማን ያውቃል?» አለችው። ነገራት። ሃርነትም ከዛሬ ጀምሮ እንደምታውቅ ነገራት። ስም በጠራ ቁጥር ራሷን በዝግታ ነቀነቀች፤ ሮማንወርቅ ላይ ሲደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ መተኮሻውን አነሣችና የሸሚዙን እጅጌ ቀጥ አድርጋ ዘረጋች። «አንተ ልጅ፣ ሰው እንዲህ ነው መርዶ የሚነገረው?» አለች። «ብቻዬን? ቆሜ? ልብስ ስተኩስ? ወንድምህ እናት አባት እንደሌለው፣ አገር እንደማያውቀው፣ በአንድ ሰው አፍ?» «አይደለም» አላት። «እንግዲያው ውጣ።» «እማዬ፣ ብቻሽን አልተውሽም።» «ውጣ አልኩህ። ሂድ፣ ሰው ሰብስብ። ጎሕ ሲቀድ፣ ሁሉንም ይዘህ፣ ገብረመድኅንንም ይዘህ፣ በሩን አንኳኩ። ጥቁር ልብሳችሁን ለብሳችሁ። ያን ጊዜ እከፍትላችኋለሁ።» መተኮሻውን ሸሚዙ ላይ አሳረፈችው፤ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው። «እኔ ዛሬ ምንም አልሰማሁም» አለች።

በሩን ዘግቶ በረንዳው ላይ ቆመ። የሚሄድበት አልነበረውም፤ ቤቱ ይኸው ነው። ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ አንድ ጊዜ ሳይጠራ ተነሣ። «ስንት ሰዓት?» አሉ ወይዘሮ ሮማንወርቅ። «ከሌሊቱ አሥራ አንድ፣ እትዬ።» «ነገርካት?» «አልሰማችም» አላቸው። ወይዘሮ ሮማንወርቅ ሌላ አልጠየቁም። «እሺ። ሴቶቹን እኔ እደውላለሁ። እሱንም አምጥቼ አቆመዋለሁ» ብለው ዘጉ። ኣላዛር ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። የሳሎኑ መስኮት ከራሱ በላይ ክፍት ነው። የመተኮሻው እንፋሎት እስ ሲል ይሰማዋል፤ ደግሞ ዝም ይላል፤ ደግሞ እስ ይላል። ቀጥሎ የሻንጣ ዚፕ ተሳበ። ቀጥሎ እናቱ ስልክ ስትደውል ሰማ።

«ሃርነት? አዎ፣ ደኅና ነኝ። ሸሚዙን አሁን ጨረስኩ፣ አምሮበታል። ለጀልባው ሰውዬ ደወልሽለት?» አለች። ከወዲያ ሃርነት ምን እንዳለች፣ ወይም ምንም እንዳላለች፣ ኣላዛር አልሰማም። «ምነው ዝም አልሽ? አታልቅሺ። ለቅሶ ለነገ ነው» አለች እናቱ። «ደውዪና ንገሪው። ሦስት እንዳትዪ፤ ከፎርሙ ላይ አንድ ጊዜ ሰርዘውታል፣ እኛ ደግሞ አንሰርዘውም። እስከ ነገ ጠዋት ድረስ አራት ነን።»